ያመለጡንን ፊልሞች እንዴት ፈልገን እንይ? የአንድ ተራ ተመልካች መመሪያ

ሲኒማ ቤት የሚገባውም ሆነ ቤቱ ተቀምጦ ፊልም የሚያየው አብዛኛው ሰው የሚያየውን የሚመርጠው ወይ ሰሞኑን ሁሉም የሚያወራለትን ተከትሎ ነው፣ ወይ ደግሞ ስልኩ ወይም ቴሌቪዥኑ ከፊቱ ያቀረበለትን ከፍቶ ነው። ሁለቱም መንገዶች ነውር የለባቸውም፤ ነገር ግን ሁለቱም አዘውትረው የሚያደርሱት ለማስታወቂያ ብዙ ገንዘብ ወደወጣበት ፊልም ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከዚያ ውጭ የቀሩትን፣ ጥሩ ሆነው ሳለ ብዙ ሰው ሳያያቸው ያለፉትን ፊልሞች ነው። እኔ የፊልም ትምህርት የተማርሁ ሐያሲ ሳልሆን ከሥራ መልስና በዕረፍት ቀን ፊልም የማይ ተመልካች ነኝ፤ ስለዚህ በየመካከሉ የምሰጣቸው ፍርዶች የግሌ ናቸው፣ አንባቢም ሊቃወማቸው ይችላል። ዘዴው ግን ለማንም ይሠራል፤ ፊልምን በደረጃ ሰንጠረዥና በፖስተር ሳይሆን በሠሩት ሰዎች ስም መከተል፣ አይተው ሲጨርሱም አስተያየትን ከአንድ የተወሰነ ትዕይንት ጋር አስሮ መያዝ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ፊልም ለምን ሳይታይ ያልፋል?

አንድ ፊልም ሳይታይ ቀረ ማለት መጥፎ ነው ማለት እንዳልሆነ በቅድሚያ መቀበል ያስፈልጋል። ለዚህ ብዙዎቻችን የምናውቀው ምስክር «ዘ ሾውሻንክ ሪደምፕሽን» ነው። ዛሬ ከፊልም ሁሉ የቱን እንደሚወድ ሲጠየቅ ይህንን የሚጠራ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ሆኖም በ1994 ለሕዝብ ሲቀርብ፣ 25 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው ይህ ሥራ በመጀመሪያው ዙር ከሲኒማ ቤቶች የሰበሰበው 16 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር፤ ለሰባት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶም አንዱንም አላገኘም። ሕዝብ የወደደው ቆይቶ፣ በቪዲዮ ክራይና በቴሌቪዥን ተደጋግሞ ሲታይ ነው።

ከእኛ ወገን ደግሞ የኃይሌ ገሪማን «ሳንኮፋ» ማንሣት ይቻላል። ለፎቶ ሥራ ወደ ጋና የሄደች ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል በባሪያ ንግድ ምሽግ ውስጥ ድንገት ወደ ባርነት ዘመን ስትመለስ የሚያሳየው ይህ ፊልም በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቢቀርብም፣ በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ኩባንያ ስላልተገኘ ዳይሬክተሩና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳዩት። ታድሶ በኔትፍሊክስ የቀረበው በ2021 ነው፤ ይኸውም ከ28 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በመካከሉ ያደገው ትውልድ ፊልሙን ያላየው ጠልቶት ሳይሆን የሚያገኝበት ቦታ ስላልነበረ ነው።

በአገራችን ሲኒማ ቤቶችም ቢሆን የፍቅርና የኮሜዲ ፊልም ቅዳሜና እሑድን ሲይዝ፣ ከበድ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ሰው ከሥራ በማይወጣበት ሰዓት ይመደብና ወሬው ገና ከአፍ ወደ አፍ መተላለፍ ሳይጀምር ከሰሌዳ ይወርዳል። ስለዚህ «ጥሩ ቢሆን ኖሮ እሰማ ነበር» የሚለውን አስተሳሰብ ከመንገድዎ ያንሡ።

በሰው ስም መከተል

የወደዱትን አንድ ፊልም ይያዙና መጨረሻ ላይ ከሚወርዱት ስሞች ውስጥ የዳይሬክተሩን፣ የካሜራ ባለሙያውንና ዋናውን ገጸ ባሕርይ ባይጫወትም ከአእምሮዎ ያልወጣውን አንድ ተዋናይ ስም ይመዝግቡ። ሲኒማ ቤት ከሆኑ ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ መብራት ስለሚበራና የጎንዎ ሰው «ያሳልፉኝ» ማለት ስለሚጀምር ይህ ትንሽ ጽናት ይጠይቃል። ቤት ሲሆኑ ደግሞ መተግበሪያው ስሞቹን አሳንሶ ወደ ሌላ ፊልም ሊያስገባዎ ይቸኩላል፤ ያቁሙት። ከዚያም ስሙን በኢንተርኔት የፊልም መዝገቦች ላይ ፈልገው ሰውየው ከዚያ በፊትና በኋላ የሠራውን ይመልከቱ። ብዙ የወደድኋቸውን ፊልሞች ያገኘሁት በደረጃ ሰንጠረዥ ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ደበበ እሸቱን በመድረክ ተውኔት የሚያውቁት እጅግ ብዙ ናቸው። ስሙን የተከተለ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው በ1973 የወጣውን «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተባለ የአሜሪካ የድብድብ ፊልም ሲሆን፣ እውነቱን ለመናገር ዛሬ ለፈገግታ ካልሆነ በቀር ብዙ የሚያተርፈው የለም። ወረድ ሲል ግን በ2014 ትውልደ ኢትዮጵያዊው ባዚ ጌቴ በእስራኤል የሠራውን «ቀይ ቅጠሎች» ያገኛል። በዚህ ፊልም ደበበ የሚጫወተው ሚስቱ የሞተችበትን የ74 ዓመት አዛውንት ነው፤ አዛውንቱ መኖሪያውን ሸጦ ከልጆቹ ቤት ሊኖር ይነሣል። ታሪኩ ከሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» ጥላ ሥር የቆመ ቢሆንም፣ እኔን የያዘኝ የአገር ቤት አባትነት በሌላ አገር ሳሎን ውስጥ እንዴት ክብደቱን እንደሚያጣ የሚያሳየው ነገር ነው። ደበበ ብዙ አይናገርም፤ አንገቱን አቅንቶ ሲቀመጥ ግን የሚጠብቀው አክብሮትና ያላገኘው አክብሮት ሁለቱም ፊቱ ላይ ይነበባሉ። በመድረክ ድምፁን የምናውቀው ሰው ያለ ድምፅ ሲጫወት ማየት በራሱ ለዚህ ፊልም በቂ ምክንያት ነው።

ከዚህ ፊልም ተነሥቶ በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን የሠሩትን መፈለግ ወደ አለምወርቅ ዳቪዲያን «የበለስ ዛፍ» ያደርሳል። በ2018 በቶሮንቶ ፌስቲቫል የታየው ይህ ሥራ አዲስ አበባን በ1989፣ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ያሳያል። ሚና የተባለች የ16 ዓመት ልጅ ከቤተሰቧ ጋር ወደ እስራኤል ለመሄድ እየተዘጋጀች፣ ክርስቲያን የሆነው ፍቅረኛዋ ኤሊ ደግሞ ለጦርነት እንዳይታፈስ ተደብቆ ይኖራል። ያንን ዘመን በልጅነትም ሆነ በወጣትነት ያሳለፈ ሰው «አፈሳ» ሲባል ሆዱ ውስጥ የሚሰማውን ያውቀዋል፤ ፊልሙም ስለ ጦርነቱ ማብራሪያ ከመስጠት ይልቅ ያንን የሆድ ፍርሃት በሁለት ልጆች ፍቅር ውስጥ ማሳየቱን እወድለታለሁ። በተመሳሳይ ዘርፍ ብዙ ሰው የሚያውቀው የራዱ ሚኻይሌአኑ «ሊቭ ኤንድ ቢካም» ነው። በ2005 የወጣው ይህ ፊልም ክርስቲያን ልጇን ከሱዳን መጠለያ ጣቢያ፣ ቤተ እስራኤላዊ ነው አስብላ በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ስለምትልክ እናት ይተርካል። እኔ ግን የመጀመሪያው ሰዓቱን ከመጨረሻው አብልጬ እወዳለሁ፤ ልጁ ካደገ በኋላ ፊልሙ በአንድ ጊዜ ብዙ ዓመታትን ለማዳረስ ሲሮጥ የእናትየው ነገር ይሳሳል።

የኃይሌ ገሪማን ስም መከተልም ያዋጣል። ብዙ ሰው «ጤዛ»ን አይቷል፤ በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት ያገኘ ነውና። በ1976 የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ያየ ግን በጣም ጥቂት ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ የተቀረጸውም ሥርዓቱ ሊወድቅ በሚንገዳገድበት በ1974 ነው። ባለርስቱ ከፍ ካለ ቦታ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከታች የሚያርሰውን ጭሰኛ ሲቆጣ፣ ካሜራው ከሩቅ ሆኖ በሁለቱ መካከል ያለውን ሜዳ ሁሉ ያሳየናል። የገበሬውን ፊት ከቅርብ የምናየው ዘግይተን ነው፤ እስከዚያ ድረስ እኛም እንደ ባለርስቱ ከሩቅ ነው ያየነው። ይህንን ልብ ሳይሉ ፊልሙን «ይረዝማል» ብሎ መተው ቀላል ነው፣ በእርግጥም ይረዝማል፤ ርዝመቱ ግን የእርሻው ቀን ርዝመት ነው።

በስም ፍለጋ ከሚገኙት ሌሎች ውስጥ ሁለቱን ብቻ ጠቅሼ ልለፍ። ራሴላስ ላቀው ከዴቪ ፍራንከል ጋር ያዘጋጀውና ራሱ አበበ ቢቂላን ሆኖ የተጫወተበት «አትሌቱ» (2009) ብዙ ሰው እንደሚጠብቀው የሮምን ድል የሚያወድስ ፊልም ሳይሆን ከመኪና አደጋው በኋላ ያለውን አበበ የሚከተል ሥራ ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ በአማርኛ የሠራው፣ ዳንኤል ታደሰ የሚጫወትበት «ክራምስ» (2015) ደግሞ ዓለም ከጠፋች በኋላ የፕላስቲክ መጫወቻዎች እንደ ቅዱስ ቅርስ ሲከበሩ የሚያሳይ እንግዳ ነገር ነው። ሁሉም ሰው ይወደዋል አልልም፤ አንድ ባለሱቅ ተራ የልጅ መጫወቻን በታላቅ ክብር ሲገምት እያየ ያልሳቀ ሰው ግን ፊልሙን አቋርጦ ቢነሣ አልቀየመውም።

ፌስቲቫልን እንደ ወንፊት

ስም የሚከተሉት የሚነሡበት ፊልም ሲኖር ነው፤ መነሻ ለሌለው ፌስቲቫል ጥሩ ወንፊት ነው። ይሁን እንጂ ዋናውን ሽልማት ያገኘው ፊልም አስቀድሞ የታወቀ ስለሚሆን፣ ያልታዩትን ለሚፈልግ ሰው ዓይን መጣል የሚገባው የጎን ክፍሎቹ ላይ ነው። በካን ፌስቲቫል «አን ሰርቴን ረጋር» የሚባለው ክፍል ለዚህ ተስማሚ ነው፤ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 የካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም የሆነው፣ በ2023ም የሱዳናዊው መሐመድ ኮርዶፋኒ «ጉድባይ ጁሊያ» ለአገሩ ተመሳሳይ ታሪክ የሠራው በዚሁ ክፍል ነው። ተራ ተመልካች ከዳኞች ሽልማት ይልቅ የተመልካቾች ሽልማትን ቢከተል ይሻለዋል፤ ድምፅ የሰጡት ቲኬት ገዝተው የገቡ ሰዎች ናቸውና። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫልም፣ የበርሊን ፌስቲቫል የጎን ክፍል በሆነው ፓኖራማም የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል።

ፖስተሩ ላይ የፌስቲቫል ምልክት ሆኖ የታተመውን የቅጠል አክሊል ሁሉ ግን አይመኑ። ክፍያ የከፈለውን ሁሉ የሚያስተናግዱ፣ ስማቸው የትም ተሰምቶ የማይታወቅ «ፌስቲቫሎች» ሞልተዋል፤ ቅጠሉ ውስጥ የተጻፈውን ጽሑፍ በማጉያ ካልሆነ ማንበብ ካልተቻለ የተደበቀበት ምክንያት አለ ብዬ እገምታለሁ።

በቃል የሚተረክ ፊልም

ከማየትዎ በፊት ስለ ፊልሙ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አያንብቡ። ትሬለር ማየትም አልመክርም፤ የዛሬ ትሬለር ከፊልሙ ያማሩትን ትዕይንቶች ሁሉ አስቀድሞ ያሳያል። ከሁሉ በላይ መራቅ የሚገባው ግን በዩቲዩብ በሰፊው የሚታዩትን፣ የፊልሙን ምስል ከኋላ አድርገው ታሪኩን በአማርኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአሥራ አምስት ወይም በሃያ ደቂቃ የሚተርኩ ቪዲዮዎችን ነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተከታትሎ ማንበብ ለሚከብደው ሰው ጥቅም እንዳላቸው አልክድም፤ ተራኪዎቹም አንዳንዶቹ ጨዋታ አዋቂዎች ናቸው። ነገር ግን ተራኪው ሊነግረን የሚችለው የሆነውን ነገር ብቻ ነው። «ባለርስቱ ጭሰኛውን ይቆጣዋል» ይላል እንጂ በመካከላቸው ያለውን ሜዳ አያሳየንም፤ «አዛውንቱ ከልጁ ቤት ወጣ» ይላል እንጂ አንገቱ እንዴት እንደቀና አይነግረንም። ያመለጡን ፊልሞች አብዛኞቹ ጥንካሬያቸው በሆነው ነገር ሳይሆን በሆነበት አኳኋን ስለሆነ፣ ተተርከው ሲሰሙ ባዶ ይመስላሉ፤ ሰሚውም «ምንም የለበትም» ብሎ ለዘለዓለም ይተዋቸዋል።

የት ይገኛሉ?

አዲስ አበባ ያለ ሰው ከንግድ ሲኒማ ቤቶች ሌላ የጎተ ኢንስቲትዩትና የአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ የፊልም ማሳያ መርሐ ግብሮችን ቢከታተል፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ሥራዎችን በትልቅ መጋረጃ የማየት ዕድል ያገኛል። አሜሪካ ያለ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የሰፈሩን ቤተ መጻሕፍት ይሁን፤ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በመታወቂያ ካርዳቸው ብቻ «ካኖፒ» የተባለውን የፊልም አገልግሎት በነፃ ይሰጣሉ፣ በውስጡም ሌላ ቦታ ገንዘብ የሚያስከፍሉ የአፍሪካና የአውሮፓ ፊልሞች አሉ። ዋሽንግተን የሚኖሩ ደግሞ ኃይሌ ገሪማና ባለቤቱ በጆርጂያ ጎዳና ከከፈቱት የሳንኮፋ መጻሕፍትና ቪዲዮ መደብር የዳይሬክተሩን ሥራዎች ማግኘት ይችላሉ። በውጭ አገር ያለ ሰው የፊልሙን ስም «ጀስትዋች» በሚባለው ገጽ ላይ ቢጽፍ፣ በሚኖርበት አገር በየትኛው አገልግሎት እንደሚገኝ ይነግረዋል። ዛሬ ያለው በሚቀጥለው ወር ሊነሣ ስለሚችል፣ ያገኙትን ለመቼም ነው ብለው አያሳድሩ።

የአማርኛ ፊልሞችን በተመለከተ አዘጋጆቹ ራሳቸው በዩቲዩብ ገጻቸው የሚለቁትን መምረጥ ያስፈልጋል። በሌላ ሰው የተጫነውን መለየት ከባድ አይደለም፤ ከቁጥጥር ለማምለጥ ሲሉ ምስሉን ግራና ቀኝ ይገለብጡታል፣ የሱቅ ሰሌዳዎችና የታክሲ ላይ ጽሑፎች በመስታወት እንደታዩ ሆነው ይነበባሉ፣ ዳርና ዳሩ ይቆረጣል፣ ድምፁም ከተዋናዩ ድምፅ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ ይሰማል። እንዲህ ባለ ቅጂ ያዩትን ፊልም ካሜራውና ድምፁ መጥፎ ነው ብሎ መፍረድ ግፍ ነው፤ ለሠሩትም አንዲት ሳንቲም አይደርስም።

ሲያዩ

የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ያለ ስልክ ይስጡት። ቀስ ብሎ የሚጀምር ፊልም በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያደርገው እንዴት እንደሚታይ ተመልካቹን ማስተማር ነው፤ ያንን ያለፈ ሰው በአርባኛው ደቂቃ ቢመለስም አይገባውም። ከዚያ በኋላ ካልያዘዎት ያለ ጸጸት ይተዉት።

ከሥሩ የትርጉም ጽሑፍ ያለው ፊልም ከሆነ ከመቀመጥዎ በፊት ጽሑፉ ከንግግሩ ጋር መግጠሙን ይፈትሹ። በኮምፒውተር ቪ.ኤል.ሲ. በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም የሚያዩ ከሆነ «ጂ» እና «ኤች» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደሎች በመጫን ጽሑፉን ማስቀደምና ማዘግየት ይቻላል፤ ይህን ባለማወቅ ብቻ ስንት ሰው በጎ ፊልም እየተነጫነጨ እንዳየ እግዜር ይወቀው። ልጆችና ወላጆች አብረው የሚያዩ ከሆነ የቋንቋን ችግር ከሥሩ የሚነቅል ምርጫ አለ፤ በ2024 የወጣው የላትቪያው «ፍሎው» ጎርፍ በሸፈነው ዓለም በአንዲት ጀልባ የተሰባሰቡ እንስሳትን የሚከተል፣ አንድም ቃል የማይነገርበት የአኒሜሽን ፊልም ነው። ብሌንደር በተባለ ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተሠርቶ ከግዙፎቹ ድርጅቶች ሥራዎች ጋር ተወዳድሮ ኦስካር ወስዷል።

ታሪክ የማይነግር ፊልም ሲገጥም ግን ሌላ አቀማመጥ ይጠይቃል። ጄሲካ በሽር ዓመታት ፈጅታ በሐረር አካባቢ የቀረጸችው «ፋያ ዳዪ» (2021) ስለ ጫት ነው ቢባልም፣ ስለ ጫት መረጃ ሊሰበስብ የተቀመጠ ሰው ተቆጥቶ ይነሣል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጭሱ፣ ውኃው፣ የሚለቀመው ቅጠልና ከጀርባ የሚሰማው የሹክሹክታ ንግግር እርስ በርስ ይዋሐዳሉ። በደህና የጆሮ ማዳመጫ፣ በምሽት፣ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ሳይታገሉ ይዩት። ለሁለት ሰዓት ይረዝማል የሚሉትን እስማማላቸዋለሁ፣ ሩብ ሰዓት ቢቀነስለት አልከፋም ነበር፤ የመሄድና የመቅረት ጭንቀትን ግን ወጣቶቹ ምንም ሳያብራሩ ሲያሳዩ እንደዚህ ያየሁበት ሌላ ፊልም የለም።

አስተያየትን ከትዕይንት ጋር ማሰር

ፊልሙ እንዳለቀ የሌላ ሰው አስተያየት ከማንበብዎ በፊት ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ደስ ይላል»፣ «አሪፍ ነው»፣ «ደባሪ ነው» የሚሉትን ቃላት ለራስዎ ይከልክሉና በምትካቸው አንድ ትዕይንት መርጠው ምን እንደሠራብዎት ይግለጹ። ትዕይንት ካልታወሰዎት ያ ራሱ አስተያየት ነው።

በ«ላምብ» ላይ ይህን እንሞክረው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የተባለ ልጅ ከበጉ ጋር ዘመድ ቤት ይቀመጣል፤ አጎቱ በጓ ለበዓል እንድትታረድ ይፈልጋል፣ ልጁ ደግሞ የሚችለው እርሻ ሳይሆን ወጥ መሥራት ነው። እኔ የመረጥሁት ልጁ ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ አውጥቶ የሚሸጥበትን ነው። በዚያ ቤት «የሴት ሥራ» ተብሎ የሚሳቅበት እጅ፣ ገበያ ላይ ለመሄጃ የሚሆነውን ገንዘብ የሚያመጣ እጅ ይሆናል፤ ፊልሙም ይህን በንግግር አያስረዳም፣ ሊጡን ሲዳምጥና ሲያጥፍ ብቻ ያሳያል። ቅሬታዬም ከትዕይንት ጋር የታሰረ ነው፤ ተራራና ጉም ሲመጣ ካሜራው የመሬቱ ውበት ላይ ስለሚዘገይ የልጁ ችግር ለቱሪስት የተዘጋጀ ሥዕል መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህንን ሲሉ የሚቃወምዎት ሰው የሚቃወመው ነገር ያገኛል፤ «ምርጥ ፊልም ነው» ቢሉት ግን ራሱን ነቅንቆ ከማለፍ ሌላ ምርጫ የለውም።

«ድፍረት» ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ በጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ስትከራከር ከእውነተኛ ታሪክ ተነሥቶ የሚያሳየው ይህ ፊልም፣ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ ከሁሉም ይልቅ ይጠነክራል። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሆነው አልተሣሉም፤ ተራ ጠብቀው፣ በጨዋ አነጋገር፣ በሙሉ እምነት ነው ልጅቱ ላይ የሚፈርዱት፣ አስፈሪነቱም ከዚያ ይመጣል። ከተማ ሲደርስ ግን ገጸ ባሕርያቱ ስለ ሕጉ ለኛ ለተመልካቾቹ ማስረዳት ይጀምራሉ፣ የዛፉ ሥር ጥንካሬ አብሮ ይላላል። የፍርድ ነገር የሚማርካቸው ሰዎች ከዚህ ጎን የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» (2019) ቢያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ችሎት የሚሄዱበትን የጥንት ልማድ ይዞ፣ የሚጠላሉ ሁለት ሰዎች አብረው መብላትና መተኛት ሲኖርባቸው የሚሆነውን ያሳያል። ሐሳቡ ብቻ ስንት ፊልም ይወጣዋል!

ለሌላ ሰው ሲመክሩ

ያልታየ ፊልም የሚታየው በመጨረሻ አንድ ሰው ለሌላው ሲነግር ነው፤ ስለዚህ የሚነግሩትን ሰው ይምረጡ። «ጉድባይ ጁሊያ»ን ለማንም ያለ ስጋት እመክራለሁ። ሞና የምትባል የካርቱም ባለትዳር ለአንድ የደቡብ ሰው ሞት ምክንያት ትሆንና፣ ጸጸቷን ለማስታገስ ሚስቱን ጁሊያን ሳትነግራት ለቤት ሥራ ቀጥራ ታኖራታለች፤ ታሪኩ ደቡብ ሱዳን እስክትገነጠል ይዘልቃል። የቤት ሠራተኛና እመቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲተዛዘኑም ሲዋሹም ማየት ለእኛ አዲስ ነገር ስላልሆነ፣ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባናል። ቪም ቬንደርስ በ2023 የሠራውን «ፐርፌክት ዴይስ» ግን ለማን እንደምመክረው እመርጣለሁ፤ የቶኪዮ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችን የሚያጸዳ ሰው ጧት ይነሣል፣ ካሴት ይሰማል፣ ሥራውን በጥንቃቄ ይሠራል፣ የዛፍ ፎቶ ያነሣል፣ በማግሥቱም ይደግማል። ኮጂ ያኩሾ በካን የምርጥ ተዋናይነትን ሽልማት ያገኘበት ሥራ ቢሆንም፣ ከሥራ ደክሞት መጥቶ ነገር እንዲፈጠርለት ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፤ ለጡረተኛና ብቻውን ለሚኖር ሰው ግን ደጋግሜ አቀብያለሁ።

ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የማቴዎ ጋሮኔ «ኢዮ ካፒታኖ» (2023) ነው። ሁለት የሴኔጋል ልጆች በሰሐራና በሊቢያ በኩል ወደ ጣሊያን ሲሄዱ የሚያሳየው ይህ ፊልም ካየኋቸው የስደት ፊልሞች ሁሉ ይልቃል። በረሃው ውስጥ አንዲት ሴት አቅቷት ስትወድቅ ከልጆቹ አንዱ ሰይዱ ሊረዳት ይመለሳል፣ ሌሎቹ ግን ይርቃሉ፤ ትቷት ለመሄድ ሲገደድ በሐሳቡ ሴትየዋ ከመሬት ተነሥታ በአየር ላይ ስትንሳፈፍ እጇን ይዞ ሲራመድ እናያለን። ዳይሬክተሩ ከጭካኔው መካከል ይህችን ምስል ማስገባቱ አንዳንዶችን አስከፍቷል፤ ለእኔ ግን አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ያንን ነገር ተሸክሞ መራመድ የሚችለው እንዲህ አድርጎ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በሊቢያ ያለፉ ወገኖቻችን በየቤታችን አሉ፣ ፊልሙም የእስር ቤቱን ድብደባና ስቃይ በግልጽ ያሳያል። ስለዚህ በዚያ መንገድ ላለፈ ሰው አስቀድመው ሳይነግሩ አይክፈቱበት፤ የእስር ቤቱ ክፍል የሚጀምረው ከበረሃው ጉዞ ቀጥሎ እንደሆነ ይንገሩት፣ ማየትም መተውም የእሱ ምርጫ ይሁን። ያንን መንገድ ለማያውቁትና «ለምን ሄዱ?» እያሉ ለሚፈርዱት ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይላኩላቸው።

ሲልኩም ስሙን ብቻ ጽፈው አይተዉ፤ ርዝመቱን፣ ቋንቋውን፣ የት እንደሚገኝና የመረጡትን አንድ ትዕይንት መጨረሻውን ሳያወጡ በአንድ መስመር ያክሉበት።